ካርዱ በቀይ ቀለም ሲሞላ

የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ውጤት የሚሰጥበት ሰሞን በብዙ ቤተሰብ ዘንድ የቁጣና የለቅሶ ጊዜ ነው። ቀኑን በሥራ ውላ ማታ ወደ ቤቷ የተመለሰች እናት፣ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ልጇ በሒሳብ 38፣ በእንግሊዝኛ 41 ማምጣቱን ስታይ ልቧ ቢቃጠል አያስደንቅም። ነገር ግን «አንተ ሰነፍ! የጎረቤቱን ልጅ አታይም?» የሚለው ስድብ ማርክ ከፍ ሲያደርግ አልታየም፤ ልጁ የሚቀጥለውን ካርድ እንዲደብቅ ግን ያስተምረዋል።

ስለዚህ ከቁጣ በፊት ምክንያቱን መፈለግ ይገባል። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ በመሆኑ፣ በሒሳብ ወደቀ የተባለው ልጅ የጥያቄውን ቋንቋ አልተረዳው ይሆናል። ከኋላ ተቀምጦ ሰሌዳው የማይታየውም አለ፤ ዓይኑን ማስመርመር ነው። ሴት ልጅ ስትሆን ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይነሣል። ወንድሟ ደብተሩን ሲገልጥ እርሷ ወጥ ስትሠራና ዕቃ ስታጥብ አምሽታ እንቅልፍ የሚጥላት ከሆነ፣ ጥፋቱ የእርሷ ነው ወይስ የእኛ? የጓዳው ሥራ ለወንዱም ይከፈል።

ምክንያቱ ከታወቀ በኋላ ከልጁ ጋር ተቀምጦ መምከር ነው። «ከክፍልህ አንደኛ ውጣ» ከማለት «38ቱን 50 እናድርሰው» ማለት ይሻላል። በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት፣ ስልኩ ከእናቱ ዘንድ ተቀምጦ፣ 40 ደቂቃ ያህል ያጥና። ገጹን ደጋግሞ ማንበብ ብቻውን አይበቃም፤ ደብተሩን ዘግቶ ያነበበውን በቃሉ ይናገር፣ ጥያቄም ይሥራ። እዚህ ላይ ያልተማረች እናት እንኳ «እስቲ ዛሬ የተማርከውን አስረዳኝ» ብላ በማዳመጥ ልትረዳው ትችላለች። ሌሊቱን ሙሉ ማፍጠጥም አይጠቅምም፤ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ያስፈልገዋል።

ወላጅ ትምህርት ቤት የሚሄደው ሲጠራ ብቻ መሆን የለበትም። ከመሥሪያ ቤት የግማሽ ቀን ፈቃድ ጠይቆ መምህሩን ማነጋገር የኋላ ጸጸትን ያስቀራል።

ነገሩ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። እንዲህ ያለ ጉድለት ከታችኞቹ ክፍሎች ጀምሮ የሚጠራቀም እንጂ በፈተናው ሳምንት የሚመጣ አይደለም። በ9ኛ ክፍል አጋማሽ ላይ የታየ ድክመት ግን ለማረም ገና 3 ዓመት ተኩል አለው።

እናቶች ሆይ፣ 38ቱ 45 ሲሆን «ገና ነህ» ከማለት በፊት «በርታ» በሉት። ልጅ ሲወዱ ከነንፍጡ ነውና።