ስለ ጥቅልል ጸጉር፦ ቋጠሮውና ጫፉ

ጥቅልል ጸጉር ያለ ጥፋቱ ስም የወጣለት ጸጉር ነው። «እልኸኛ ነው»፣ «ማበጠሪያ ይሰብራል» እየተባለ ይታማል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የጸጉሩ ሳይሆን የያዡ ነው። እናቶችም ጸጉር ሠሪዎችም ለሉጫ ጸጉር የወጣውን ደንብ ሲጭኑበት ዝም ብዬ ማየት አልችልም።

መሠረታዊው ነገር አጭር ነው። ከቆዳ በላይ ያለው የጸጉር ዘለላ ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ ነው፤ ሕይወት የለውም፤ ሲጎዳም ራሱን አይጠግንም። የሉጫ ጸጉር ዘለላ አግድም ተቆርጦ ሲታይ ወደ ክብነት ያደላል፤ የጥቅልሉ ግን ጠፍጠፍ ያለ ነው፤ ከቆዳው ሥር የሚበቅልበት ከረጢትም ጎባጣ ነው። የራስ ቆዳ የሚያመነጨው ወዝ በሉጫው ላይ ቁልቁል ይወርዳል። በጥቅልሉ ላይ ግን በየጥምዙ እየዞረ ጫፍ ድረስ መድረስ ያቅተዋል። ጫፉ ቶሎ የሚደርቀው ለዚህ ነው።

አንድ ቀን ጸጉር ቤት ተራ ስጠብቅ አንዲት ትንሽ ልጅ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ሠራተኛዋ ደረቁን ጸጉር ከሥሩ ጀምራ ቁልቁል ትጎትተዋለች። እናትየዋ አጠገቧ ቆማ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ጸጉርሽ ጠንካራ ስለሆነ ነው» ትላታለች። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። ጠንካራ እየተባለ የሚጎተተው ይህ ጸጉር ከሁሉም በቀላሉ የሚሰበረው ነው። ዘለላው በታጠፈበት ቦታ ሁሉ ደካማ ነው፤ እጥፋቱ ደግሞ ከሥር እስከ ጫፍ ነው። ከሥር ወደ ታች ሲበጠር በየቦታው ያለው ውስብስብ ሁሉ እየተገፋ አንድ ቦታ ይጠራቀምና ይጠብቃል። ከዚያ በኋላ ወይ ጸጉሩ ይበጠሳል ወይ ልጅቷ ትጮኻለች፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ይሆናል።

ብዙ ሰው እንደ ሕግ የያዘው ሌላ ምክር አለ፦ «እርጥብ ጸጉር አይበጠርም፣ ይሰበራል»። ይህ ለሉጫ ጸጉር ልክ ነው። ሉጫ ጸጉር ሲረጥብ ዘለላዎቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ይፋተጋሉ፤ ማበጠሪያውም ከደረቁ ይልቅ በእርጥቡ ይቸገራል። ጥቅልል ጸጉር ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ቅርጹን ከያዙለት ነገሮች አንዱ የሃይድሮጅን ትስስር ይባላል፤ ውሃ ሲነካው ይላላል። ያን ጊዜ ጥምዙ ይከፈታል፤ አንዱ ቀለበት ከሌላው ጋር የተያያዘበትም ይለቃል። ስለዚህ ጥቅልል ጸጉርን ደርቆ ሳለ ለማበጠር የሚፈለገው ጉልበት እርጥቡን ለማበጠር ከሚፈለገው ይበልጣል። ጸጉራችንን የሚሠራ ሰው ይህን አንድ ነገር ብቻ ቢይዝ ስንት ዘለላ ይተርፍ ነበር!

ውሃ ብቻውን ግን አይበቃም፤ የሚያንሸራትት ነገር ያስፈልጋል። ኮንዲሽነር ለዚህ ነው የተሠራው። አያቶቻችንም ለጋ ቅቤ ሲቀቡ የሠሩት ይህንኑ ነው፤ ቅቤው ዘለላውን ሸፍኖ ፍትጊያን ይቀንሳል። «ጸጉርን ይመግባል» የሚባለውን ግን አልቀበልም፤ ሕይወት የሌለው ነገር አይመገብም። የኮኮናት ዘይት ደግሞ ከላይ ከመሸፈን አልፎ ወደ ዘለላው ውስጥ ስለሚዘልቅ ከመታጠብ በፊት ሲቀባ ከጸጉሩ የሚወጣውን ፕሮቲን ይቀንሳል።

አሠራሩ ይህ ነው። ጸጉሩን ለአራት ወይም ከዚያ በላይ ከፍለው ይያዙ። በመጀመሪያ በጣት፣ ቀጥሎ ጥርሱ ሰፋ ባለ ማበጠሪያ፣ ሁልጊዜ ከጫፍ ጀምረው ወደ ሥር ይውጡ። ከውስብስቡ በላይ ያለውን ጸጉር በሌላው እጅ ጠበቅ አድርገው ከያዙት ጉተታው ቆዳው ዘንድ አይደርስም፤ ልጅም አታለቅስም። የጠነከረ ቋጠሮ ሲያጋጥም ኮንዲሽነር ወይም ዘይት ጨምረው ጥጥ እንደሚያባዝት ሰው ከዳርና ከዳር ቀስ እያሉ ይለያዩት፤ ወደ ታች አይጎትቱት። ስለ ማበጠሪያውም አንድ ነገር ልበል። ርካሽ የላስቲክ ማበጠሪያ ጥርሶቹ መካከል ከፋብሪካው ቅርጽ ማውጫ የተረፈ ስለታም መስመር አለ፤ ጥፍርዎን ቢያስኬዱበት ያገኙታል። ያ መስመር በየቀኑ ጸጉር ይልጣል። በደንብ የተላገ የእንጨት ሚዶ ይህ የለበትም፤ ገበያ ላይ ካገኙ እርሱን ይምረጡ።

ቋጠሮ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የብዙ ዘለላ ነው። ማንኛውም ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 የሚደርስ ጸጉር ይረግፍበታል። የሉጫው ትከሻ ላይ ይወድቃል፤ የጥቅልሉ ግን ከጎረቤቶቹ ጋር እንደተጠማዘዘ እዚያው ይቀራል፤ ካልወጣም ያስራቸዋል። ሁለተኛው የአንድ ዘለላ ነው። ጸጉሩ ደርቆ ሲኮማተር ጫፉ በራሱ ቀለበት ውስጥ ያልፍና ይቋጠራል። በዓይን እምብዛም አይታይም፤ በጣት ሲዳሰስ ግን ይቆረቁራል። ሐኪሞች ትሪኮኖዶሲስ ይሉታል። በንጹሕና በደንብ በተያዘ ጸጉርም ላይ ይገኛል፤ ስለዚህ ልጅን «ሳትበጠሪ ስለምትውዪ ነው» ብሎ መቆጣት አግባብ አይደለም። እንዲህ ያለውን ለመፍታት መታገል ብዙ ጊዜ ከንቱ ነው፤ ቢጎትቱት ዘለላው እዚያው ላይ ተበጥሶ የተተለተለ ጫፍ ይተዋል። ከቋጠሮው ትንሽ ከፍ ብሎ በመቀስ መቁረጥ ይሻላል።

ቋጠሮን አስቀድሞ የሚከላከል ነገር ከፈለጉ ከሹሩባ የተሻለ አላውቅም። ሹሩባ ዘለላዎቹን ዘርግቶ በየቦታቸው ስለሚይዝ በራሳቸው ላይ እንዲዞሩ ዕድል አይሰጣቸውም። ሹሩባን የሴት ጌጥ ብቻ አድርገው የሚያዩ የዐፄ ቴዎድሮስን ሥዕሎች ልብ ይበሉ።

ሹሩባ ሲፈታ ግን ጥንቃቄ ያሻል፤ ብዙ ጸጉር የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። ሦስት ሳምንት በቆየ ሹሩባ ውስጥ የረገፈው ጸጉር ከ1,000 እስከ 2,000 ዘለላ ሊሆን ይችላል። ሲፈታ ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ እጅ ላይ ሲወጣ «ጸጉሬ አለቀ!» ብለው የሚደነግጡ አሉ። አላለቀም፤ በየቀኑ ሊወርድ ሲገባው የተጠራቀመ ነው። ከሹሩባው ሥር አቧራና የቅባት እድፍ ተሰብስቦ የሚሠራው ነጭ ነገርም አለ። በዚህ ሁኔታ ያለውን ጸጉር ወዲያው ወስዶ ውሃ ውስጥ መንከር ትልቅ ስህተት ነው፤ የረገፈው ካልረገፈው ጋር ይጣበቅና የማይፈታ ጥቅጥቅ ያለ ነገር ይሆናል። እዚህ ቦታ ላይ ቅደም ተከተሉ ይለወጣል፦ መጀመሪያ ዘይት ቀብቶ በጣት ማፍታታትና የረገፈውን ማውጣት፣ ከዚያ መታጠብ፣ ከዚያ በኮንዲሽነር ማበጠር። ሲቸኩሉ ይህን የሚዘሉ ሰዎች በኋላ መቀስ ይጠይቃሉ።

ወደ ጫፉ እንምጣ። ጸጉር በወር ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋል፤ ስለዚህ ተዘርግቶ 30 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጸጉር ጫፉ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ዕድሜ አለው። ይህን ያህል ጊዜ ፀሐይ፣ የጥጥ ትራስ፣ ፎንና ፒያስትራ፣ ሪላክሰርና ቀለም አልፈውበታል። የላይኛው ሽፋን ሲላጥ ውስጡ ይጋለጥና ጫፉ ይሰነጠቃል፤ አንዳንዱ ለሁለት፣ አንዳንዱ ለብዙ። አንዳንዴም ከዘለላው መሐል ነጭ ነጥብ ይታያል፤ እዚያ ላይ ሊበጠስ ደርሷል ማለት ነው።

የተሰነጠቀ ጫፍ የሚያድን ቅባት የለም። በዚህ ላይ ሳልታክት እከራከራለሁ። ቅባቱ ወይም ትሪትመንቱ ለጊዜው ያጣብቀዋል፤ ሲታጠብ ይለቃል። ያልተቆረጠ ስንጥቅ ደግሞ ወደ ላይ እየወጣ ከጎረቤቱ ጋር እየተያያዘ አዲስ ቋጠሮ ይሠራል። መቁረጥ ጸጉርን ቶሎ ያሳድጋል የሚለውም ልክ አይደለም፤ መቀስ ሥር ዘንድ አይደርስም። የሚያደርገው የበቀለው ከጫፉ እየተሰበረ እንዳያልቅ መጠበቅ ነው፤ ያም ትልቅ ነገር ነው። የወረቀት መቀስ ጫፉን ስለሚጨፈልቀው አይጠቀሙበት፤ የጸጉር መቀስ ይግዙ፤ ለሌላ ሥራ አያውሱት። ትከሻ ላይ ነጭ ነጠላ ጣል አድርገው በቀን ብርሃን ጸጉሩን ቢዘረጉበት ስንጥቁም ቋጠሮውም ጥቁር በነጭ ላይ ይታያል። ከስንጥቁ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብለው ይቁረጡ። ማታ ማታ በሐር ወይም በሳቲን ሻሽ አስረው ይተኙ።

የልጅዎን ጸጉር ለሌላ ሰው እጅ ሲሰጡም ዝም ብለው አይቀመጡ። ሠራተኛዋ ደረቁን ጸጉር ከሥር ልትጀምር ማበጠሪያ ስታነሣ «እባክሽ እህቴ፣ አርጥቢውና ከጫፉ ጀምሪ» ይበሏት።