ፋራ ላለመባል የሚሰማ ዘፈን

በቅርብ ጊዜ በአንድ መሥሪያ ቤት የተቀጠረ ወጣት ከባልደረቦቹ ጋራ ቡና ሲጠጣ፣ ‹‹ለመሆኑ አንተ የማንን ዘፈን ትወዳለህ?›› ብለው ቢጠይቁት፣ መልስ ከመስጠቱ በፊት ጥቂት ዝም ይላል። ዝምታዋ ሁለት ወይም ሦስት ሰከንድ ብትሆን ነው፤ ነገር ግን ላሰበባት ሰው የምታስገርም ናት። ጥያቄው የሒሳብ ጥያቄ አይደለም። የሚወደውን ዘፈን ወጣቱ ያውቀዋል፤ ዛሬ ጠዋት እንኳ ጫማውን ሲያስር አንጎራጉሮታል። ታዲያ ምን ያስባል? የሚያስበው ስለ ጠያቂዎቹ ነው። እነዚህ ሰዎች የማንን ስም ብጠራላቸው ያከብሩኛል፣ የማንንስ ብጠራ ይሥቁብኛል እያለ ይመዝናል። መዝኖ ሲያበቃም አንድ ስም ይጠራል። የጠራው ስም ግን ብዙውን ጊዜ ጠዋት ካንጎራጎረው ዘፈን ጋራ አይገናኝም።

ለዚህ ፍርሀት ቋንቋችን ስም አውጥቶለታል። በአዲስ አበባ አራዳ የተባለው ሠፈር የገበያና የዘመናዊ ኑሮ እምብርት ስለ ነበረ፣ ስሙ ከቦታው ወደ ሰው ተሸጋገረና ነገር ቶሎ የሚገባው፣ አለባበሱና አነጋገሩ ከጊዜው ጋራ የሚራመድ ሰው ‹‹አራዳ›› ተባለ። ወደ ኋላ የቀረው ደግሞ ‹‹ፋራ›› ነው። ብዙ ወጣት ሰነፍ ቢባል ይታገሣል፤ ፋራ ቢባል ግን እንቅልፍ ያጣል። በልብስ በኩል ይህ ፍርሀት ደመወዝ ያስጨርሳል፤ ቄንጡ ሲያልፍ ልብሱን ለታናሽ ወንድም መስጠት ስለሚቻል ጉዳቱ ያን ያህል አይደለም። በዘፈን በኩል ግን የሚከፈለው ሌላ ነገር ነው።

ሰው የሌላውን ሰው ምርጫ ምን ያህል እንደሚከተል በግምት ብቻ የሚነገር አይደለም፤ ተለክቷል። ማቲው ሳልጋኒክ፣ ፒተር ዶድስና ዱንካን ዋትስ የተባሉ ተመራማሪዎች እንደ ኤሮፓ አቆጣጠር በ2006 ‹‹ሳይንስ›› በተባለው የአሜሪካን መጽሔት ላይ አንድ ጥናት አወጡ። ስማቸው ከማይታወቅ ባንዶች 48 ዘፈኖች ሰብስበው በኢንተርኔት አማካይነት 14,341 ሰዎች እንዲያዳምጡና የወደዱትን እንዲወስዱ አደረጉ። ከሰሚዎቹ አንዳንዶቹ የዘፈኑንና የባንዱን ስም ብቻ ያያሉ። ሌሎቹ ግን በስምንት ማኅበር ተከፍለው፣ በየማኅበራቸው እያንዳንዱን ዘፈን ከእነርሱ በፊት ስንት ሰው እንደ ወሰደው በቁጥር ይመለከታሉ። ስምንቱም ማኅበር የጀመሩት ከዜሮ ነበር።

ጆሮ ብቻውን ቢፈርድ ኖሮ ስምንቱ ማኅበሮች አንድ ዓይነት ዘፈን በነገሠ ነበር። የሆነው እንደዚያ አይደለም፤ የማኅበሮቹ ምርጫ ከአንዱ ወደ ሌላው ተለያየ። ቁጥር ሳያዩ በሰሙት ሰዎች ምርጫ 26ኛ የወጣ አንድ ዘፈን በአንዱ ማኅበር 1ኛ ሲሆን፣ በሌላው ማኅበር 40ኛ ሆነ። ድምፁ ያው ነው፤ ግጥሙም ያው ነው። የተለየው በመጀመሪያው ሰዓት በአጋጣሚ እጃቸውን የዘረጉት ጥቂት ሰዎች ብቻ ናቸው። ከእነርሱ በኋላ የመጣው ሰው ቁጥሩን አየ፤ አይቶም ጨመረበት።

ይሁን እንጂ ነገሩን ከመጠን በላይ ማጋነን አይገባም። በዚያው ጥናት እጅግ ጥሩ የሆኑት ዘፈኖች ወደ ታች የወደቁበት፣ እጅግ መጥፎ የሆኑትም ወደ ላይ የወጡበት ጊዜ ጥቂት ነው። ጆሮ ፈጽሞ አልደነቆረም ማለት ነው። ችግሩ ከዘፈን ሁሉ የሚበዛው መካከለኛው መሆኑ ነው፤ በመካከለኛው ላይ ደግሞ ፈራጁ ቁጥር ነው። ሳልጋኒክና ዋትስ ከሁለት ዓመት በኋላ ባወጡት ሌላ ጥናት ቁጥሩን ሆን ብለው ገልብጠው፣ ብዙ ሰው የወደደውን የተናቀ፣ የተናቀውን የተወደደ አስመስለው አሳዩ። ከምርጦቹ ዘፈኖች አንዳንዶቹ ቀስ በቀስ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። በጠቅላላው ግን ሰዎቹ የወሰዱት ዘፈን ቁጥር ቀነሰ። በሐሰት የተመራ ሰሚ የሚጣፍጠውን ማግኘት ሲያቅተው ማዳመጡንም ይተወዋል።

ዛሬ በስልክ ዘፈን የሚሰማ ተማሪ ያለበት ሁኔታ ከዚያ ጥናት ብዙ የራቀ አይደለም። የመጀመሪያው ምት ሳይመታ ከሥሩ ‹‹ይህን ያህል ሚሊዮን ሰው አይቶታል›› የሚል ቁጥር ይቀድመዋል።

የራሳችንን አገር ሙዚቃ ታሪክ ለተመለከተ ደግሞ ይህ የጆሮ ነገር ረዥም መንገድ የመጣ ነው። መጀመሪያ መነገር ያለበት፣ ዘመናዊ የምንለው ሙዚቃችን ከሥሩ ብድር ያለበት መሆኑ ነው። ራስ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸውን 40 ወላጅ የሌላቸው የአርመን ልጆች ሙዚቀኞች አድርገው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ ‹‹አርባ ልጆች›› የተባሉትም እነዚህ ናቸው። ያስተማራቸውም ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። ከዚያ በኋላ የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ተነሡ። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሠራ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የተባሉት ቅኝቶች ከትራምፔትና ከሳክስፎን ጋራ የተዋወቁት በእንደዚህ ያሉ ሰዎች እጅ ነው። ስለዚህ ‹‹የባዕድ ነገር የሰማ ሁሉ ጆሮውን ሸጠ›› የሚል ሰው ቢኖር፣ የሚወዳቸውን የቀድሞ ዘፈኖች ግማሹን መጣል ይኖርበታል።

ዓለማየሁ እሸቴን እንውሰድ። በወጣትነቱ የአሜሪካን ፊልም የማረከው፣ ጸጉሩንና ልብሱን እንደ አሜሪካኖቹ ያደረገ፣ የኤልቪስ ፕሬስሊን ዘፈኖች በእንግሊዝኛ እየዘፈነ የተነሣ ሰው ነው። በዘመኑ ቋንቋ ከእርሱ የበለጠ አራዳ አልነበረም ማለት ይቻላል። ነገር ግን ራሱ በኋላ ለጋዜጠኞች እንደ ተናገረው፣ ዝናው ወደ ላይ የወጣው በአማርኛ መዝፈን ሲጀምር ነው። አሜሪካንን ግን አልጣለውም፤ የጄምስ ብራውን ዓይነት ጩኸትና እንቅስቃሴ እስከ መጨረሻው አብሮት ኖረ። ኩረጃ የት ላይ እንዳበቃ፣ የራስ የሆነው የት ላይ እንደ ጀመረ በመቀስ ቆርጦ ማሳየት አይቻልም። የሚቻለው ዘፈኑን ሰምቶ ይህ ሰው የሚዘፍነው ለምኖ ነው ወይስ ሆኖለት ነው ብሎ መፍረድ ነው። በበኩሌ ሆኖለታል ባይ ነኝ።

የእርሱን ድምፅ በሸክላ ካሳተሙት አንዱ አምሃ እሸቴ ነው። በ1961 ዓ.ም. ሸክላ ማሳተም ሲጀምር፣ ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ የተሰጠው ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። ማኅበሩ ደግሞ በመብቱ የወጣቱን ዘፈን ለማሳተም አልተጠቀመበትም። አምሃ አደጋውን እያወቀ ገባበት፤ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስም ከመቶ በላይ ሸክላዎች አወጣ። ይህን ሲያደርግ ትክክለኛነቱን የሚያረጋግጥለት ቁጥር ከሥሩ አልነበረም። በጆሮው ሰማ፤ ገንዘቡንም አወጣ።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ለብዙ ዓመታት የቆየው የሰዓት እላፊ የሌሊቱን የሙዚቃ ኑሮ አፈነው፤ ካሴት ሸክላን ተካ፤ ብዙ ሙዚቀኞችም ተሰደዱ። ሸክላዎቹ በየጓዳው አቧራ ለበሱ። የመሐሙድ አሕመድ ‹‹እሬ መላ መላ›› እንደ ኤሮፓ አቆጣጠር በ1986 በቤልጅግ ታትሞ የኤሮፓ ሰሚ አገኘ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ ደግሞ ከ1997 ጀምሮ ‹‹ኢትዮፒክ›› በሚል ተከታታይ የቀድሞዎቹን ሸክላዎች እየሰበሰበ አሳተመ። በ2005 ጂም ጃርሙሽ የተባለ የአሜሪካን የፊልም ባለሙያ የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ በፊልሙ ውስጥ አስገባ። ከዚህ በኋላ በአዲስ አበባም ቀድሞ የአባቶች ዘፈን እየተባለ ይታለፍ የነበረው፣ የወጣት አራዶች መለያ ሆነ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

በዚህ ምክንያት ኢትዮ ጃዝ የሚሰማውን ወጣት ሁሉ ፈረንጅ ተከታይ ብሎ መስደብ ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ሰው ወደ ጥሩ ነገር በማንም እጅ ተመርቶ ሊደርስ ይችላል፤ መምህርም ቢሆን፣ ታላቅ ወንድምም ቢሆን፣ የውጭ አገር ፊልምም ቢሆን። የሚጠየቀው ከደረሰ በኋላ ሰምቶታል ወይ የሚለው ነው። የሙላቱ ሥዕል የታተመበት ካናቴራ ለብሶ የሚዞር አንድ ወጣት፣ ማሲንቆ የያዘ አዝማሪ ወደ ተቀመጠበት ቤት ሲገባ በሐፍረት አንገቱን ሲደፋ ታዩታላችሁ። ሙላቱ ሎንዶንና ቦስተን ድረስ ሄዶ የተማረውን ከምን ጋራ እንዳዋሐደው ይህ ወጣት አልሰማም፤ ያ ቅኝት እኮ አሁን በፊቱ ቆሞ እየተገረፈ ነው። ካናቴራውን ሰምቶታል፤ ሙዚቃውን አልሰማውም።

ፋራ ላለመባል ሌላም መንገድ አለ፤ ይኸውም ሕዝብ የወደደውን ሁሉ መጥላት ነው። ይህ ሰው አንድን ዘፋኝ ሃምሳ ሰው ብቻ በሚያውቀው ጊዜ ያመሰግነዋል። ዘፈኑ በታክሲ ውስጥና በሠርግ ቤት መሰማት ሲጀምር ‹‹ድሮ ጥሩ ነበር፤ አሁን ተበላሸ›› ይላል። ዘፈኑ ያው ነው፤ የበዛው ሰሚው ነው። እርሱም እንደ ፊተኛው ቁጥር ይቆጥራል፤ ልዩነቱ ከላይ ወደ ታች መቁጠሩ ብቻ ነው። ጥላሁን ገሠሠ በ2001 ዓ.ም. ሲያርፍ በመንግሥት ደረጃ ተቀበረ፤ ያለቀሰለትም ሕዝብ ቁጥር ስፍር አልነበረውም። ያ ሁሉ ሰው ስለ ወደደው ብቻ ድምፁ አነሰ የሚል ካለ ይምጣና ይከራከር።

እስካሁን ያልነው ሁሉ እንደ ጨዋታ ሊታለፍ ይችል ይሆናል። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይመስለኝም። ከወሎ፣ ከጎጃም፣ ከጋሞ፣ ከወላይታ፣ ከሐረርጌ ወይም ከሌላ ከማንኛውም የአገራችን ክፍል ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚመጣ ተማሪ ከሻንጣው ጋራ የአገሩን ዘፈን ይዞ ይመጣል። በመጀመሪያው ወር መኝታ ክፍሉ ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ የጆሮ ማዳመጫ ሰክቶ በስውር ይሰማዋል። አንድ ቀን ማዳመጫው ሲነቀል ድምፁ ይወጣና ክፍሉ በሣቅ ይሞላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጓደኞቹን ዘፈን ይማራል። በአራተኛው ዓመት ተመርቆ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ እናቱ እህል እየፈጨች የምታንጎራጉረውን ዜማ የመጀመሪያውን ሐረግ እንጂ ሁለተኛውን አያስታውስም።

የከተማው ዘፈን ቢረሳ ታትሟል፤ የፈለገ ያገኘዋል። የወፍጮውና የአጨዳው ዜማ፣ የልቅሶውና የሠርጉ ግን አብዛኛው በማንም ሸክላ ላይ የለም። ያለው በሰው አፍ ነው። እንግዲህ በአንድ የመኝታ ክፍል ውስጥ በተሣቀች ሣቅ ምክንያት የሚዘጋው አፍ፣ ምናልባት ያን ዜማ ለልጅ ሊያደርስ የሚችለው የመጨረሻው አፍ ሊሆን ይችላል። ለሣቂዎቹም ቢሆን ሣቁ ትርፍ የለውም፤ አንድ ያልሰሙትን ነገር ለመስማት የነበራቸውን ዕድል አጥተዋል።

ከዚህ ችግር የሚያወጣ መድኃኒት አለኝ አልልም። አንዲት ቀላል ፈተና ግን ብትሞከር አትጎዳም። ጓደኛህ ስልኩን ይዞ፣ የዘፋኙን ስምና ቁጥሩን ሳያሳይህ አሥር ዘፈን ያሰማህ፤ አንተም ‹‹ድገመው›› የምትልበትን ብቻ ምልክት አድርግ። ‹‹ጥሩ ነው›› የምትልበትን አትቁጠር፤ ጥሩ ነው ማለት ለጨዋነትም ይባላል። ከፈተናው በኋላ ስሞቹን ስታይ ጥቂት ሳታፍር አትቀርም፤ ጓደኛህም ተራው ሲደርስ እንዲሁ ነው።

ኃይሉ መርጊያ በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ይጫወት የነበረው የዋሊያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች ነበር። ባንዱ እንደ ኤሮፓ አቆጣጠር በ1981 ወደ አሜሪካ ሲጓዝ አብሮ ሄደና በዚያው ቀረ። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮኑንና የኤሌክትሪክ መሣሪያዎቹን ለብቻው እየተጫወተ አንድ ካሴት ቀዳ። ካሴቱ በአገራችን ሰሚ አገኘ፤ ጊዜውም አለፈ። ኃይሉ ታክሲ ነጂ ሆነ። በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራውን በሚጠብቅበት ሰዓት በመኪናው ውስጥ የያዘውን ትንሽ ኪቦርድ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። የሚያጨበጭብ የለም፤ ቁጥር የሚቆጥርም የለም። ተራው ሲደርስ ኪቦርዱን ወደ ቦታው መልሶ፣ የመንገደኛውን ሻንጣ ጭኖ ይነዳል።

ያን ካሴት ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ውስጥ አግኝቶ በ2013 እንደ ገና አሳተመው። ኃይሉም በኤሮፓና በአሜሪካ መድረኮች ላይ እንደ ገና መጫወት ጀመረ፤ በ2018ም ‹‹ላላ በሉ›› የተባለ አዲስ ሥራ አወጣ። ሲጠሩት ጣቶቹ ዝግጁ ነበሩ።