ለሴሊያክ ልጅ ሀምበርገር ስናዘጋጅ፦ በመንዝ ጥንቃቄው ከገብስ ይጀምራል

ሴሊያክ (ግሉተን የተባለው የእህል ፕሮቲን አንጀትን የሚጎዳበት በሽታ) ላለበት ልጅ ለትምህርት ቤት ምሳ ወይም ለቤተሰብ ሽርሽር ሀምበርገር የምታዘጋጁ ወላጆች ዓይናችሁን ስንዴ ዳቦው ላይ ብቻ አትጣሉ። የመንዟ ከተማ መሐል ሜዳ ደጋ ናት፤ የቤቱ እህል ገብስ ነው፤ ገብስም ግሉተን አለው። ስንዴ ተከልክሎ በሶና የገብስ ቆሎ የሚሰጠው ልጅ አንጀቱ አይድንም። ጤፍ ግን ሌላ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2005 የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች የተለያዩ የጤፍ ዝርያዎችን መርምረው በሽታውን የሚቀሰቅሰውን ፕሮቲን አላገኙባቸውም። ስለዚህ ዳቦው ወፈር ያለ የጤፍ ቂጣ ይሁን። የበግ ሥጋውን እንደ ክትፎ ከትክታችሁ በሽንኩርት፣ በጨውና በእንቁላል እሹት። እንዳይፈርስ የዳቦ ፍርፋሪ ሳይሆን የተቀቀለ ድንች ጨምሩበት፤ መሀሉ ቀይነቱ እስኪጠፋም ጥበሱት።

«ጤፍ ውድ ነው» ለሚለው፣ እውነት ነው፤ ለደጋ ሰው ከገበያ የሚገዛ እህል ነው። ግን የሚለየው የአንድ ልጅ ድርሻ ነው፤ ባይገኝም ጠፍጥፎ የተጠበሰ ድንች ዳቦውን ይተካል። «ትንሽ ቢነካካው ምን አለበት?» የሚለውን ግን አልቀበልም። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ከግሉተን ነጻ ለሚባል ምግብ የሚፈቅደው በኪሎ ከ20 ሚሊግራም ያልበለጠ ነው። ገብስ ፈጭቶ ያልተጠረገ ወፍጮ፣ ከገብስ ሊጥ የተቀነሰ እርሾ፣ ያልታጠበ ምጣድ ንጹሑን ጤፍ ያበላሹታል። ሕመሙን የምትጠረጥሩ ደግሞ የደም ምርመራው ሳይደረግ ገብሱንና ስንዴውን አታቋርጡ፤ ካቋረጣችሁ ውጤቱ በሽታውን ሊደብቅ ይችላል።