አውቶማቲክ የምትኬ ስክሪፕት በሊኑክስ

አውቶማቲክ የምትኬ ስክሪፕት ማለት በኮምፒዩተር ያሉ ፋይሎችን ሰዓት ጠብቆ ወደ ሌላ ማከማቻ፣ ለምሳሌ ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ፣ የሚገለብጥ አጭር ፕሮግራም ነው። በሊኑክስ ብዙ ጊዜ በባሽ ይጻፋል። ሰዓቱን የሚጠብቅለት ክሮን ሲሆን የሚገለብጥለት አርሲንክ ነው። አርሲንክን አንድሩ ትሪጅል እና ፖል ማኬራስ በ1996 እ.ኤ.አ. ይፋ አደረጉት፤ በተደጋጋሚ ሲሠራ የተለወጡትን ብቻ ስለሚገለብጥ ፈጣን ነው።

አደጋዎቹ

በሊኑክስ ውጫዊ ዲስክ እንደ ዊንዶውስ የራሱ ፊደል አይሰጠውም፤ ከአንድ ፎልደር ጋር ይያያዛል። ይህም ማውንት ማድረግ ይባላል። ዲስኩ ሳይሰካም ፎልደሩ ባዶውን ሊቆይ ይችላል። ስክሪፕቱ ይህን ካላጣራ ፋይሎቹን እዚያው በኮምፒዩተሩ የውስጥ ዲስክ ላይ ይገለብጣል። ባለቤቱ ምትኬ ያለው ይመስለዋል፤ የውስጥ ዲስኩ ሲበላሽ ግን ዋናውም ቅጂውም አብረው ይጠፋሉ።

ሁለተኛው አደጋ «ዲሊት» የተባለው የአርሲንክ አማራጭ ነው። ከምንጩ የጠፋውን ፋይል ከምትኬውም ያጠፋል። ስለዚህ ምንጩ በስህተት ባዶ ከሆነ ምትኬውም ባዶ ይሆናል።

መከላከያዎች

1. ዲስኩን በዩዩአይዲ መለየት። «ኤስዲቢ» የመሰሉ ስሞች እንደ አሰካኩ ይለዋወጣሉ።
2. ከመገልበጥ በፊት «ማውንትፖይንት» በተባለው ትዕዛዝ ዲስኩ መያያዙን ማረጋገጥ፤ ካልተያያዘ ስክሪፕቱ ስህተቱን መዝግቦ ይቆማል።
3. ምንጩ ባዶ አለመሆኑን ማጣራት፤ በ«ማክስ ዲሊት» የሚሰረዙትን ፋይሎች ብዛት መገደብ።
4. በ«ፍሎክ» ስክሪፕቱ በአንድ ጊዜ ሁለቴ እንዳይሠራ መከልከል።
5. በ«ሊንክ ዴስት» የየቀኑን ቅጂ ለየብቻ ማስቀመጥ። ያልተለወጠ ፋይል ተጨማሪ ቦታ አይወስድም፤ የትናንቱም ቅጂ አይነካም።
6. ዲስኩን ከመንቀል በፊት አንማውንት ማድረግ፤ ሊኑክስ የሚጻፈውን ለጊዜው በሚሞሪ ይይዛልና።

መብራት ሲጠፋ

በጉመር ወረዳ እንደምትገኘው አረቅጥ ባለች ከተማ መብራት በሌሊት ቢጠፋና ኮምፒዩተሩ ቢዘጋ፣ ክሮን ያለፈውን ሰዓት አያካክስም። አናክሮን ግን ኮምፒዩተሩ ሲከፈት ያመለጠውን ሥራ ያስጀምራል።

ቅጂን ማራቅ

ዲስኩ ሁልጊዜ እንደተሰካ ከቆየ ስርቆትና እሳት ሁለቱንም ያገኛቸዋል። በ1973 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም መቅረጽ ሲጀመር ቅጂዎቹ በአዲስ አበባና በአሜሪካ ሚኒሶታ እንዲቀመጡ መደረጉ በዚሁ መርህ ነው። በመጨረሻም ምትኬ መሥራቱ የሚታወቀው ፋይሎቹ በየጊዜው ወደ ሌላ ፎልደር ተመልሰው ሲከፈቱ ነው።