በጋው ጊታርዎን እንዳይሰነጥቀው

ጥቅምት ሲገባ ቤት ውስጥ ብዙ ነገር ይለወጣል። ከንፈር ይደርቃል፤ ተረከዝ ይሰነጠቃል፤ ቫዝሊኑ ከመሳቢያ ይወጣል። ክረምቱን ሙሉ አብጦ አልዘጋ ያለው በር ደግሞ ማንም ሳይነካው በራሱ ጊዜ ይገጥማል። እርስዎም ልጆችዎን እየቀቡ ውኃ እንዲጠጡ ይመክራሉ። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ጊታር ግን ማን ያስታውሰዋል? እሱም እንደ በሩ እንጨት ነው። ልዩነቱ፣ በሩ ሲሸሽ ማንም አይጎዳም፤ ጊታሩ ሲሸሽ ግን ይሰነጠቃል።

በየቤቱ የሚታየው ነገር ይህ ነው፦ ወላጅ ከወር ደመወዙ ቆጥቦ ለልጁ ጊታር ይገዛል። ልጅ በክረምት ዕረፍቱ በደስታ ይማራል። ኅዳር ላይ ጊታሩ መንጫጨት ይጀምራል፤ የተቃኘው ቅኝት እስከ ማግስቱ አይቆይም፤ የፍሬቱ ጫፍ ጣት ይቧጭራል። ልጁ «እኔ አልችልበትም» ብሎ ይተወዋል። ወላጅም «ሰነፈ» ይላል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የልጁ አይደለም፤ የአየሩ ነው። የአየሩን ጠባይ ያወቀ ሰው ደግሞ በጥቂት ብር ወጪ መሣሪያውን ማትረፍ ይችላል።

ከእንጦጦ እንጀምር

አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት። ከጉለሌ አልፈው ወደ እንጦጦ ማርያም ሲወጡ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ይደርሳሉ። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡት በዚህች ቤተ ክርስቲያን ነው። እዚያ ላይ የበጋ ሌሊት ውርጭ ነው፤ ቀን ላይ ደግሞ ፀሐዩ ቆዳ ያቃጥላል። ለእንጨት ከባዱ ፈተና ይኸው በአንድ ቀን ውስጥ የሚፈራረቅ ብርድና ሙቀት ነው።

ይህ ተራራ ከዜማ መሣሪያ ጋር የቆየ ትውውቅ አለው። እቴጌ ጣይቱ በገና ይደረድሩ እንደነበር ይነገራል። በዘመናችን በበገና ስሙ ከፍ ብሎ የሚጠራው ዓለሙ አጋም የተወለደው እንጦጦ ነው። ገና በልጅነቱ ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ተምሮ፣ ኋላ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና አስተምሯል። «ኢትዮፒክስ» በተባለው የአልበሞች ተከታታይ ውስጥ 11ኛው ሙሉ በሙሉ የእሱ በገና ነው።

ስለ ጊታር እያወራን በገናን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በገና አካሉ እንጨት፣ ፊቱ ቆዳ፣ አሥሩ አውታሮቹ ደግሞ ከበግ አንጀት የሚሠሩ ናቸው። ሦስቱም ከአየር ላይ እርጥበት የሚጠጡና መልሰው የሚተፉ ነገሮች ናቸው። በገና በብዛት የሚደረደረው በዐቢይ ጾም ነው፤ ጾሙ የሚገባው በየካቲት ወይም በመጋቢት መጀመሪያ ነው። ስለዚህ በገናው ከተሰቀለበት የሚወርደው ደረቁን ወራት ሙሉ ተሰቅሎ ከከረመ በኋላ ነው ማለት ነው። በገና ያለበት ቤት ሁሉ የአየሩን ነገር ማወቅ አለበት። የእንጨት ጊታር ያለበት ቤትም እንዲሁ።

እንጨት ለምን ይሰነጠቃል?

እንጨት ከዛፍ ተቆርጦ፣ ተፈልጦ፣ ቫርኒሽ ተቀብቶም ቢሆን መተንፈሱን አያቆምም። አየሩ እርጥብ ሲሆን ይጠጣና ያብጣል፤ ሲደርቅ ይተፋና ይሸሻል። የሚሸሸው ደግሞ በርዝመቱ ሳይሆን በአብዛኛው በወርዱ፣ ማለትም ከክሩ ጋር በተሻጋሪ ነው።

የጊታር ፊት ሦስት ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ ስስ ጣውላ ነው። ከውስጥ በኩል ደግሞ ጠንካራ ማገሮች በአግድም ተጣብቀውበታል። ጣውላው በወርዱ ልሽሽ ሲል ማገሮቹ አንቀሳቅስም ብለው ይይዙታል። በሁለት ወገን የተወጠረ ስስ ነገር መጨረሻው መቀደድ ነው። በዚህ ላይ የብረት ክር ያለው ጊታር ሲቃኝ ስድስቱ ክሮች በድምሩ ከ70 ኪሎ በላይ በሚሆን ኃይል እንደሚጎትቱት ያስቡ። አንድ ጎልማሳ ሰው ሌት ተቀን ተንጠልጥሎበታል ማለት ነው።

አብዛኞቹ የጊታር ሠሪዎች የሚመክሩት የአየር እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ነው። ከ40 በመቶ በታች ለሳምንታት ከቆየ አደጋው ይጀምራል። እኛ አገር ርካሽ ሆኖ የሚገባው ጊታር በአብዛኛው ከቻይና ነው። እርጥብ አየር ባለበት አገር የተሠራ ጊታር እዚህ ደርሶ የመጀመሪያ በጋውን ሲያይ ነው የሚፈተነው።

«እንጦጦ ብርድ እንጂ ድርቀት ምን አመጣው?» ይሉ ይሆናል። ብርድ አየር የሚሸከመው ውኃ ጥቂት ነው። ውጭ ያለው የ6 ዲግሪ የሌሊት አየር እስኪጠግብ ድረስ እርጥበት ቢይዝ እንኳ፣ ቤት ገብቶ 22 ዲግሪ ሲሞቅ እርጥበቱ ከ40 በመቶ በታች ይወርዳል። ሂተር የሚለኮስበት ክፍል ሰው እየተመቸው እንጨት የሚጠማበት ለዚህ ነው።

ከመሰንጠቁ በፊት የሚናገራቸው ምልክቶች

ጊታር ድንገት አይሰነጠቅም፤ አስቀድሞ ይናገራል። እነዚህን ይመልከቱ።

በመጀመሪያ ጣትዎን በአንገቱ ጠርዝ ላይ ከላይ ወደ ታች ያስኪዱ። የፍሬቶቹ ጫፍ እንደ መጋዝ ጥርስ ከቧጨረዎት አንገቱ ሸሽቷል። ብረቱ አያጥርም፤ እንጨቱ ነው የጠበበው።

ሁለተኛ፣ ቀጥ ያለ ማስመሪያ ከብሪጁ በስተኋላ በፊቱ ላይ አግድም ያስቀምጡ። ጤነኛ ጊታር ፊቱ በትንሹ ወደ ውጭ ይነፋል። ማስመሪያው መሃል ላይ ክፍተት ካሳየ፣ ፊቱ ጎድጉዷል፤ ደርቋል ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ክሮቹ ወደ አንገቱ ተጠግተው ቀድሞ ያልነበረ ንጭንጭታ ከተሰማ ያው የድርቀት ምልክት ነው። ፊቱ ወደ ውስጥ ሲሰምጥ ብሪጁም ክሩም አብረውት ይወርዳሉና። በዚህ ጊዜ ፍሬት ለማስሞረድ ወይም ብሪጁን ከፍ ለማስደረግ አይቸኩሉ፤ መጀመሪያ እርጥበቱን ይመልሱለት። ብዙ ጊዜ ንጭንጭታው አብሮ ይጠፋል።

ምን ያድርጉ?

አንደኛ፣ ይለኩ። ሃይግሮሜትር የሚባል አነስተኛ የእርጥበት መለኪያ ይግዙና ጊታሩ ያለበት ቦታ ያስቀምጡት። ትክክል መሆኑን በኩሽናዎ ጨው መፈተን ይችላሉ። በአንድ የውኃ ጠርሙስ ክዳን ላይ ጨው አድርገው እንደ ሊጥ እስኪሆን ጥቂት ውኃ ጠብ ያድርጉበት። ክዳኑንና መለኪያውን በአንድ ፌስታል አየር በማያስገባ ሁኔታ አስረው ያሳድሩ። ጠዋት 75 በመቶ ማንበብ አለበት። 70 ካለዎት መለኪያው 5 ያጎድላል ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ 5 እየጨመሩ ያንብቡ።

ሁለተኛ፣ በደረቁ ወራት ጊታሩን ከግድግዳ ያውርዱ። ለእይታ ቢያምርም፣ ግድግዳ ላይ ያለ ጊታር የክፍሉን አየር ሁሉ ይጋፈጣል። ጠንካራ ሣጥን ካለው ሣጥኑ ውስጥ፣ ከሌለው ዚፑ በሚዘጋ ቦርሳ ውስጥ ያድርጉት። ጠባብ ቦታን ማርጠብ ሰፊ ሳሎንን ከማርጠብ ይቀላል።

ሦስተኛ፣ የሚጠጣውን ይስጡት። ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሳሙና ማስቀመጫ ክዳኑን በወፍራም መርፌ ይብሱት፤ ውስጡ በውኃ ነክረው በደንብ የጨመቁት ስፖንጅ ያድርጉ፤ ከዚያ ሣጥኑ ውስጥ በአንገቱ ጫፍ አጠገብ ያስቀምጡት። ሲገለበጥ ጠብታ እንዳይወጣው ይፈትኑት፤ ውኃ በቀጥታ እንጨቱን ከነካው መድኃኒቱ ከበሽታው ይብሳል። በየሁለትና ሦስት ቀኑ ይመልከቱ፤ ስፖንጁ ሲደርቅ እንደገና ይንከሩ፤ ከ55 በመቶ በላይ ሲሆን ያውጡት።

ዘይት ወይም ቫዝሊን መቀባት እንጨቱ ያጣውን ውኃ አይመልስለትም። ያብለጨልጭ ይሆናል እንጂ ጥሙን አያረካም።

ሙቀቱስ?

ድርቀት ቀስ ብሎ ይገድላል፤ ሙቀት ግን በአንድ ከሰዓት ይጨርሳል። ጊታር የተጣበቀበት ኮላ በ60 ዲግሪ አካባቢ መለስለስ ይጀምራል። በፀሐይ የቆመ፣ መስኮቱ የተዘጋ መኪና ውስጡ ከዚህ አይርቅም። ያን ጊዜ ክሮቹ እየጎተቱት ያለው ብሪጅ ከፊቱ ላይ መነሣት ይጀምራል።

በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው እንጦጦ ፓርክ ቅዳሜና እሑድ በወጣት ይሞላል፤ ጊታር ይዞ የሚወጣም አለ። ከፍታው ነፋሻ ስለሆነ «እዚህ ምን ሙቀት አለ?» ያሰኛል። ነገር ግን ፀሐይዋ በከፍታ ላይ ይበልጥ ትበረታለች፤ መኪናው ውስጥም ነፋስ የለም። ልጅዎ ጊታር ይዞ የሚወጣ ከሆነ ምክሩ አንድ ነው፦ ለእርስዎ የማይመች ቦታ ለጊታሩም አይመችም። ይዞት ይውረድ፤ ጥላ ሥር ያስቀምጠው።

ቤት ውስጥም ሦስት ቦታዎችን ይጠንቀቁ። የመጀመሪያው ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ቁም ሳጥን አናት ነው፤ ቆርቆሮው ቀን ያግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል። ሁለተኛው ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት መስኮት ዳር ነው። ሦስተኛው ቡና የሚፈላበት ጥግ ነው። የከሰል ምድጃ፣ ስቶቭ ወይም ሂተር ባለበት አጠገብ ጊታር አይቁም። ከሰል በተዘጋ ቤት ለሰውም አደገኛ መሆኑን ሳንዘነጋ።

ክራር፣ ማሲንቆ፣ ከበሮ

የአገር ቤት መሣሪያ ካለዎት ደንቡ ያው ነው፤ ቆዳ ስላለበት ግን አንድ ነገር ይጨመራል። ቆዳ እርጥበት ሲጠጣ ይላላል፤ ሲደርቅ ይወጠራል። ክረምት ላይ ከበሮው ድምፁ ሲታፈን ፀሐይ ላይ ማውጣት የተለመደ ነው፤ ለአጭር ጊዜ ከሆነ ክፋት የለውም። በበጋ ግን ቆዳው ቀድሞውኑ ተወጥሯልና ፀሐይ ላይ ከተረሳ እሱም ይተረተራል፣ እንጨቱም ይነቃል።

ክራርና ማሲንቆ ለወራት የማይነኩ ከሆነ ክራቸውን በትንሹ አላልተው ያስቀምጡ፤ የደረቀው ቆዳ ከላይ የክር ጫና እንዳይጨመርበት። ክሩን ሙሉ በሙሉ ግን አይፍቱት፤ ብሪጁ ቦታውን ይለቃል። የበገና አውታር ከመወጠርዎ በፊት መሣሪያውን ከወረደበት ክፍል አየር ጋር አንድ ቀን ያላምዱት። የደረቀ አንጀት በችኮላ ሲወጠር ይበጠሳል።

ክረምት ሲመጣ፣ ወይም አገር ሲለቁ

ሰኔ ሲገባ ነገሩ ይገለበጣል። አሁን ስፖንጁ ይወጣል፤ ጊታሩ ያብጣል፤ ክሮቹ ከአንገቱ ይርቃሉ፤ ሣጥኑ ውስጥ ሻጋታ ይሸታል። በክረምት ሣጥኑን ፀሐይ በወጣ ቀን ከፍተው ያናፍሱ፤ ከጫማና ከቦርሳ ጋር የሚመጡትን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ሳይጥሉ ውስጡ ይጨምሩ።

ዋሽንግተን ወይም ሚኒሶታ ላለው ዘመድ ክራር ወይም ጊታር የሚልኩ ከሆነም ይህን አብረው ይንገሩት። እዚያ ክረምት ሲሆን ቤቱ በማሞቂያ ይደርቃል፤ ከአዲስ አበባ በጋ የባሰ ድርቀት ነው። በአውሮፕላን ሲጓዝ ክሮቹን ጥቂት አላልተው፣ አንገቱን በጨርቅ ደግፈው ይላኩት። ሲደርስም ሣጥኑን ወዲያው ከመክፈት ይልቅ የቤቱን ሙቀት እስኪለምድ ጥቂት ሰዓት ቢጠብቁ ይሻላል።

ከተሰነጠቀስ?

ሱፐር ግሉ አያንሡ። በደረቀበት ሰዓት የተጣበቀ ስንጥቅ፣ ክረምት ሲመጣና እንጨቱ ሲያብጥ አጠገቡ ሌላ ችግር ይፈጥራል። መጀመሪያ በሣጥኑ ውስጥ ለአንድ ሁለት ሳምንት እርጥበቱን ቀስ ብለው ይመልሱለት። ስስ ስንጥቅ በዚህ ብቻ ሊገጥም ይችላል። ከዚያ ለእንጨት ሥራ እጁ ለተፈተነ ባለሙያ ይስጡት፤ ከውስጥ በቀጭን ጣውላ ደግፎ ያጣብቀዋል። የተሰነጠቀ ጊታር የሞተ ጊታር አይደለም።

ይህ ሁሉ በሳምንት አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፦ መለኪያውን ማየት፣ ስፖንጁን መንከር፣ ፍሬቱን መዳሰስ። ለልጅዎ ቢሰጡት ደግሞ የተሻለ ነው። መሣሪያውን የሚንከባከብ ልጅ ከመሣሪያው ጋር ይላመዳል፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ሲያልፉም ጊታሩ ቅኝቱን እንደያዘ፣ ልጁም ከልምምዱ ሳይወጣ ያገኙታል።