ከፊሉ ሕገ ወጥ የሆነ ውል

ሁለት ሰዎች በፈቃዳቸው ያደረጉት ውል በመካከላቸው እንደ ሕግ ይጸናል። ይሁን እንጂ የውሉ ጉዳይ ከሕግ ወይም ከመልካም ጠባይ ጋር የሚቃረን ከሆነ አይጸናም። አስቸጋሪ የሚሆነው የአንዱ ውል ከፊሉ ሕጋዊ፣ ከፊሉ ሕገ ወጥ ሆኖ ሲገኝ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጉድለት ያለበትን ክፍል ብቻ አፍርሶ ሌላው እንዲጸና ያደርጋል፤ ይህም የሚሆነው የቀረው ክፍል ያለ ፈረሰው ብቻውን ሊቆም ሲችል ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው አራጣ ነው። አንድ ገበሬ በእርሻ ወራት በሬው ሞቶበት ከአንድ ነጋዴ 10,000 ብር ተበደረ እንበል። በዓመቱ 4,000 ብር ወለድ ጨምሮ ሊመልስም በጽሑፍ ፈረመ። ሕጉ ግን ሰዎች በዓመት ከመቶ 12 የበለጠ ወለድ እንዳይዋዋሉ ይከለክላል። ታዲያ ገበሬው «ውሉ ሕገ ወጥ ነውና ምንም አልከፍልም» ሊል ይችላልን? አይችልም። ብድሩ ራሱ ሕጋዊ ስለሆነ 10,000 ብሩን መመለስ ግዴታው ነው። የሚፈርሰው የወለዱ ስምምነት ነው። በፈረሰውም ምትክ ሕጉ ከመቶ 9 ስለሚያስከፍል፣ ተበዳሪው የሚከፍለው በጠቅላላው 10,900 ብር ይሆናል።

ወለዱ የሚወርደው ወደ 12 ሳይሆን ወደ 9 መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ወደ 12 ቢወርድ ኖሮ፣ አበዳሪው 40 አስፈርሞ በፍርድ ቤት ቢሸነፍ እንኳ ሕግ የሚፈቅደውን ከፍተኛ ወለድ ያገኝ ነበር፤ ሕጉን በመጣሱም የሚጎድልበት ነገር አይኖርም ነበር።

አራጣ አበዳሪዎች ግን ብልሃት አያጡም። ወለዱን ከዋናው ገንዘብ ጋር ደምረው «14,000 ብር ተበድሬአለሁ» አሰኝተው ያስፈርማሉ። በወረቀቱ ላይ ሕገ ወጥ ቃል አይታይምና፣ የፈረመው ሰው እውነቱን ለማስረዳት እጅግ ይቸገራል። አራጣ ማበደር በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግም ያስቀጣል።

ሁሉም ውል እንዲህ በቀላሉ ለሁለት አይከፈልም። አንድ የከባድ መኪና ባለቤት ከጅቡቲ ወደብ እስከ አዲስ አበባ ሩዝና ከሩዙ ሥር የተደበቀ የኮንትሮባንድ ልብስ በአንድ ዋጋ ሊያጓጉዝ ቢዋዋል፣ ከኪራዩ የትኛው ለሩዙ፣ የትኛው ለልብሱ እንደሆነ መለየት ያዳግታል። ምናልባትም ሩዙ የተጫነው ለመሸፈኛ ያህል ይሆናል። እንዲህ ያለው ውል በሙሉ ሊፈርስ ይችላል። ለሩዙ ለብቻው ዋጋ ተቆርጦለት፣ ነጋዴውም ያለ ልብሱ ያስጭነው የነበረ ከሆነ ግን፣ ዳኛው ሩዙን ከልብሱ ለይቶ ለመመልከት መንገድ ያገኛል።