ስምንተኛው ጥያቄ

የፕሮስቴት ዕጢ ሲያድግ በሽንት ላይ የሚያመጣውን ችግር ለመለካት በብዙ አገሮች የሚያገለግል አጭር መጠይቅ አለ። መነሻው የአሜሪካ የዩሮሎጂ ማኅበር በ1992 እ.ኤ.አ. ያወጣው መለኪያ ነው። ሰባቱ ጥያቄዎች ስለ ምልክቶቹ ናቸው፤ ለምሳሌ ሽንት ቶሎ ቶሎ መምጣቱ፣ እየተቆራረጠ መውረዱ፣ ማማጥ፣ ሌሊት ስንት ጊዜ መነሳት። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 5 ነጥብ ይሰጠዋል። ድምሩ እስከ 7 ከሆነ ቀላል፣ ከ8 እስከ 19 መካከለኛ፣ ከ20 እስከ 35 ከባድ ይባላል።

ስምንተኛው ጥያቄ ከድምሩ አይገባም። ሽንትዎ አሁን ባለበት ሁኔታ ዕድሜ ልክዎን ቢቀጥል ምን ይሰማዎታል ይላል። እኛ ከሁሉም የምናስበልጠው ይህንን ነው። ነጥባቸው እኩል 12 የሆነ ሁለት አዛውንቶችን እናስብ። አንደኛው ደጃፋቸው ላይ ሱቅ አላቸው፤ ሲመጣባቸው ጓሮ ደርሰው ይመለሳሉ፤ ብዙም አልተቸገሩም። ሌላኛው በአገር አቋራጭ አውቶቡስ ለመሄድ ካሰቡ ከዋዜማው ጀምሮ ውሃ አይቀምሱም። ለቅሶ ቤት በሩ ሥር ይቀመጣሉ። ሌሊት ሦስቴ ስለሚነሱ ቀን ያንጎላጃቸዋል። ሕክምናው ሲመረጥ ይህ ልዩነት ይታያል።

ብዙ ሰው «እርጅና ነው» ብሎ ወይም አፍሮ ችግሩን ሳይናገር ከጤና ጣቢያ ይመለሳል። ስለዚህ ባለሙያው ቀድሞ ይጠይቅ። ሽንት ላይ ደም ከታየ ወይም ሽንት ጨርሶ እምቢ ካለ ግን ነጥብ መቁጠሩ ይቆይ፤ ታካሚው በአስቸኳይ ይመርመር።